አቶ ናራኦካ ሁለቴ ያጠቀሱ ዕለት

አቶ ናራኦካ ከበረዶው አገር ከአኦሞሪ ወደ ኦሳካ የመጡት ሚስታቸው ባረፉ በዓመቱ ነው። ልጃቸው ሺዙካ፣ “አባዬ፣ ብቻዎን በረዶ ሲዝቁ ማየት አልችልም” ብላ አመጣቻቸው። ከተማው ግን አልለምድ አላቸው። ሰዉ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ይስቃል፤ እሳቸውን ስማቸውን ጠርቶ ደህና ዋሉ የሚል የለም። “በሚመጣው ሳምንት አገሬ እመለሳለሁ” ሲሏት ሺዙካ ምን ታድርግ? ከተማውን እንድታለምድላቸው አልቅሳ ጎረቤቷን ሂሳኮን ለመነቻት። የሂሳኮ ሥራ እንግዳ እየመሩ የኦሳካን መብልና መጠጥ ማስቀመስ ነው።

መሸት ሲል መጣች። “ጋሼ፣ ይነሱ! ዛሬ የኔ ነዎት።”

መጀመሪያ መንገድ ዳር ከሊጥ ጋር ተድበልብሎ የተጋገረ ኦክቶፐስ አቀመሰቻቸው፤ ቸኩለው ምላሳቸውን ተቃጠሉ። ቀጥላ ቆመው የሚጠጡበት አንድ ጠባብ መጠጥ ቤት አስገባቻቸው። ሰዉ ባንኮኒውን ተደግፎ፣ በስንጥር ተሰክቶ በዘይት የተጠበሰ ሥጋና ሽንኩርት ይበላል። ስጎው የሁሉም ነው፤ በአንድ ትልቅ ዕቃ መሐል ላይ ተቀምጧል።

“አንዴ ብቻ ነው የሚጠቀሰው ጋሼ። ከነከሱ በኋላ ስጎ ካነሰዎት በጥቅል ጎመን ቅጠል ይጭለፉ።”

“ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?” አሉ።

አጠቀሱ፣ ነከሱ። ጣማቸው። ታዲያ ዕድሜ ልኩን ከሚስቱ ጋር ከአንድ ሳህን ሲያጠቅስ የኖረ እጅ መቼ ይታዘዛል? የተነከሰውን ስንጥር ይዞ ተመልሶ ስጎው ውስጥ ገባ።

ሰዉ ሁሉ ስንጥሩን አስቀመጠ።

“ኧረ አባባ! ስጎዬን ገደሉት!” ብሎ ባለቤቱ ኦኩዳ ራሱን ያዘ።

አቶ ናራኦካ ፊታቸው ቀላ። ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁና ኮታቸውን አነሱ። ሂሳኮ እጅጌያቸውን ጨብጣ ያዘች። “እንዳይወጡ። አሁን ከወጡ እውነትም እንግዳ ሆነው ቀሩ።”

ከጎናቸው የቆመ አንድ የታክሲ ሹፌር ሳቁን ለቀቀው። “አባባ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ ሠርቻለሁ! እስከ ዛሬ ‘ሁለቴው’ ነው የሚሉኝ።”

“አሁንማ ስምህን የሚቀማህ መጣ!” አለ ኦኩዳ። ስጎውን ደፍቶ ዕቃውን አጥቦ አዲስ ሞላና እፊታቸው አኖረው። “ይጀምሩልን፣ አባባ ሁለቴ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ቢራ ቀዳላቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሌላ ሰው ሲቀዳላቸው ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ እሳቸውም ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሲወጡ ወደ ኦኩዳ ዞር ብለው፣ “ነገ በስንት ሰዓት ትከፍታለህ?” አሉት።

“በአሥራ አንድ። ምነው፣ ይህኛውንም ሊገድሉት?”

ደጅ ላይ አቶ ናራኦካ ለሂሳኮ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ በአገራቸው ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው፣ ዝቅ ብለውም ቆዩ።

“እግዜር ይስጥሽ ልጄ” አሉ። “እዚሁ እንደምኖር ለሺዙካ አንቺ ንገሪያት። እኔ ልንገራት ብል ማልቀሴ ነው።”