ቶሎ የቀለጠ ቅቤ

ለበዓሉ የተቀባችው ቅቤ ትርሲት አናት ላይ በቅጡ ሳያርፍ ቀልጦ በጆሮዋ ሥር ወረደ። አማቷ እትዬ መንበረ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ለመስቀል ብለው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ እንዲህ ያለ አናት ገጥሞት አያውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ አናት ነው ምድጃ?»

ትርሲት ልትስቅ ሞከረች። ከትናንት ወዲያ የእንሽርት ውኃዋ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ለማንም አልተነፈሰችም። ወሯ ገብቷል፤ ሕመም የለ፣ ምጥ የለ። ጤና ጣቢያ ብትሄድ «ተኚ» ብለው ዓውደ ዓመቱን ያስቀሩባታል። ባሏ ዓብይ ለእርዱ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ በሬው ሲጣል፣ የበኩር ልጇ ከች ቢል! ጉራጌ አገር ከዚህ የበለጠ ድግስ ወዴት አለ?

አሁን ግን ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሲራገጥ የሰነበተው ልጅም ከጠዋት ጀምሮ ጭጭ ብሏል። ፈራች።

«እማዬ... ውኃው ፈሷል። ከትናንት ወዲያ።»

እትዬ መንበረ ለቁጣ ጊዜ አልነበራቸውም። ነጠላ ሳይደርቡ ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ። የቡታጅራ መንገድ በሰንጋና ለበዓል በገባ መኪና ታጭቋል፤ እሳቸው አንገታቸውን አውጥተው «ምጥ ነው፣ ዞር በሉ!» ሲሉ ገበያተኛው «ማርያም ትቅረብሽ!» እያለ መንገድ ለቀቀ።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አዋላጇ ፀዳለ የትርሲትን ትኩሳት ለካች፤ ውኃውን አሸተተችና ፊቷ ተለወጠ።

«ልጁ ጊዜውን ጨርሷል። ግን ውኃው ከፈሰሰ ቆይቶ ተሐዋሲ ገብቷል፤ እንግዴ ልጁ ተቆጥቷል። ትንፋሹን የሚያገኘው ደግሞ ከዚያ ነው። አሁኑኑ መውለድ አለብሽ።»

በአንድ ክንዷ የተሐዋሲው መድኃኒት፣ በሌላው ምጥ የሚያፋፍመው ገባ። ምጡም እንደ ሐምሌ ዶፍ ወረደባት።

«ዓብይ ቡኢ ደርሷል፣ ቀርቧል!» አሉ እትዬ መንበረ ስልኩን እንደያዙ።

«ይድረስ ይቅር! እኔ ልጄን ነው የምፈልገው!»

ገፋች። ልጁ ወጣ፤ አላለቀሰም። ዝልፍልፍ ብሏል። ፀዳለ አፉን ጠረገች፣ ጀርባውን አሸች፣ በጭምብሉ አየር ሰጠችው።

መጀመሪያ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የለየለት ጩኸት!

እትዬ መንበረ ለእልልታ አፋቸውን ሲከፍቱ ፀዳለ ማዳመጫውን ከልጁ ደረት ሳታነሣ እጇን ዘረጋች። «ቆዩ፤ እሱም ትኩሳት አለው። ገና አልለየለትም።»

እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ትርሲት ግን በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«እኔ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ፤ ለእልልታ ከዚህ በላይ አልቆይም» አለችና፣ በደከመ ድምፅ፣ እልል አለች።