አቶ ደምለው ይመር የቺፕን ንድፍ እንደ ተማሩ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ዕውቀት ርስት ናት ቢሏትም እንደ መሬት ርስት ከአባት ወደ ልጅ ብቻ አትወርድም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ደጇን ለጠና፣ በሽበቱም ለማያፍር ሁሉ፣ በጧትም ቢሆን በሠርክ ድርሻውን ትሰጣለችና። ከተቀበላት በኋላ ግን ማመስገንን የዘነጋ ሰው፣ የተማረውን እንጂ የተደረገለትን አላወቀምና ልቡናው ጎደሎ ነው።

በደሴ ከተማ አቶ ደምለው ይመር የተባሉ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት የደረሰ፣ እጃቸው የቀና ጠባያቸውም የለዘበ የሬድዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቃጠለውን ሲለውጡ፣ የተበጠሰውን ሲበይዱ ሲኖሩ፣ ቺፕ የምትባለው ጥቁርና ረቂቅ ነገር ብቻ ምሥጢሯን ከልክላቸው ነበር፤ ስትበላሽ ነቅለው ይተኳታል፣ በውስጧ ያለውን ግን አያውቁም። ይህ አለማወቅ እንደ እሾህ ሲወጋቸው ስለ ኖረ፣ በከተማው ያለ አንድ ኮሌጅ የቺፕን ንድፍ ከመሠረቱ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስተምር መሆኑን በሰሙ ጊዜ፣ ሱቃቸውን ዘግተው ከልጆቻቸው እኩዮች መካከል ተቀመጡ።

መምህርቲቱ ዘምዘም እንድሪስ ገና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርቱ ግን እንደ ክረምት ጎርፍ ፈጠነባቸውና በአራተኛው ቅዳሜ ደብተራቸውን አጥፈው ወደ እርሷ ቀረቡ።

«መምህርት፣ ወንበሩን ለሌላ ልልቀቅ፤ እኔስ አልገባኝም።»

«ጋሼ ደምለው፣ እኔ ስለ ቸኮልሁ ነው። ይቀመጡ፤ ከሀ እንጀምር» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎቹ ሲወጡ እርሷ እየቀረች፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሁለት ማብሪያዎች አምፖሉን የሚያበሩት ሁለቱም ሲነኩ ብቻ መሆኑን፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንዱ እንደሚበቃ አሳየቻቸው፤ ትራንዚስተርም እጅ ሳይነካው በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ እንደ ሆነ፣ ከእርሱም የሚደምርና የሚያስታውስ ነገር እንደሚታነጽ፣ ይህ ሁሉ በመጨረሻ ከአሸዋ በሚወጣው በሲሊከን ላይ በድርብርብ ሥዕል እንደሚነደፍ አስረዳቻቸው። እርሳቸውም ሲገባቸው እንደ ሕፃን ይሥቁ ነበር።

በዓመቱ ፍጻሜ ክፍሉ የመስኖ ፓምፕን በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቺፕ ነደፈ፤ ንድፉም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወደሚቀበለው የባሕር ማዶ ፋብሪካ ሊላክ ሦስት ቀን ቀረው። መምህርቷ ራሷ የሠራችው፣ ሰዓቱን እየቆጠረ የሚይዘው የማስታወሻ ክፍል በኮምፒውተር ሲፈተን እንከን አልተገኘበትም። አቶ ደምለው ግን ፈተናውን ደግመው ሲያነቡ፣ ቆጠራው ከዜሮ የሚነሣው ፈታኙ ፕሮግራም ስለሚያዝዘው ብቻ መሆኑን፣ በቺፑ ውስጥ ግን ይህን የሚያዝዝ አንዳች ሽቦ አለመኖሩን አዩ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዕቃ ሁሉ ግራ ተጋብቶ እንደሚነቃ ከሥራቸው ያውቁ ነበርና ደነገጡ። ዝም ቢሉ የሁሉ ድካም ከንቱ ሊሆን ነው፤ ቢናገሩ ደግሞ ውለታ የዋለችላቸውን ያሳፍራሉ። ሲያመነቱ ውለው፣ ለብቻዋ ሳለች ወደ ቢሮዋ ገቡ።

«መምህርት፣ የተሳሳትሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ቆጠራውን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ማነው?»

ዘምዘም ኮምፒውተሩን ብዙ ተመለከተች። «ማንም» አለች በቀስታ። «ረስቼዋለሁ።»

ወዲያውም ተማሪዎቿን ሰብስባ፣ «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ያገኙት ጋሼ ደምለው ናቸው» ብላ ሳትሸሽግ ተናገረች፤ በሁለት ቀንም አርመው ላኩት።

ከሰባት ወር በኋላ ቺፑ ተሠርቶ መጣ። መብራቱን ሃያ ጊዜ አጥፍተው ሃያ ጊዜ አበሩት፤ ሃያውንም ጊዜ ከዜሮ ጀመረ። አቶ ደምለው ሊያመሰግኑ ቢነሡ እርሷ ቀደመቻቸው።

«እርስዎ ባይጠይቁኝ ኖሮ ይህ ድንጋይ ነበር።»

«እርስዎ ባያስተምሩኝ ጥያቄውን ከወዴት አመጣው ነበር?» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ደቀ መዝሙሩ ስሕተቱን እስኪያይለት ድረስ ያስተማረ መምህር፣ የድካሙን ፍሬ በዓይኑ አይቷልና፣ ምስጋናን ሳይለምን ይቀበላል።