እስኪቀላ ድረስ

መምህርት ዓለምፀሐይ ስህተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ሲያዛባ ያንገሸግሻታል፤ ያኔ ምላሷን የሚይዘው የለም። «ይሄን ያሰላኸው በጭንቅላትህ ነው በተረከዝህ?» ትለዋለች። ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ልጆቹ «አሲዷ» ብለው ስም አውጥተውላታል። ስትሰማ አልከፋትም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት እግዜር የላከላትን ተማሪ ተመልከቱልኝ! ጓድ ስለሺ፣ የቀበሌው ካድሬ። ጎልማሳ ነው፣ ካኪው በተተኮሰ ቁጥር አንገቱ አብሮ የሚገተር ሰው። ሶሻሊስት አገር ሄዶ እንዲማር ታጭቷል፤ የቀረው የኬሚስትሪ ፈተና ብቻ ነው፣ ያውም በተግባር ጭምር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጣና ሳይቀመጥ ጉዳዩን ተናግሮ ጨረሰ።

«ወንድምሽ መዝገቡ ለብሔራዊ ውትድርና ታስቧል። ምልመላው በእኔ እጅ ነው። አንቺ አስጠንተሽ ፈተናውን አሳልፊኝ፣ እኔም እሱን አልፈዋለሁ» አላት።

መዝገቡ ያላት እሱ ብቻ ነው። እናት አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ነች፤ አሁን ሽሮ ሜዳ ቀሚስ እየጠለፈ ይሸጣል። ሳቂታ ነው። ሳቅ ከያዘው ቀብር ላይም ቢሆን አያቆምም። ከሰፈሩ ወደ ሰሜን ጦርነት ከሄዱት ልጆች ደግሞ በእግሩ የተመለሰ እስካሁን አላየችም። «እሺ ጓድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ» አለችው፣ ጥርሷን ነክሳ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቤተ ሙከራ ውስጥ አስቀመጠችው።

«እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ሃያ ሚሊ ሊትር አሲድ አለ» አለች። «በዚህ በተሰመረው ረጅም ቱቦ ውስጥ ያለው ቤዝ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ቤዝ ከአሲዱ እጥፍ ነው። አሲዱን ለማርከስ ስንት ሚሊ ሊትር ቤዝ ይበቃል?»

«ሃያ!» አለ ሳያቅማማ።

«እንዴት ሃያ ሆነ?»

«እኩልነት ነዋ።»

«እጥፍ ነው አልኩዎት እኮ፣ ጓድ። ግማሹ ይበቃል፤ አሥር ነው።»

«አንዱ ሃያ ሌላው አሥር? ይሄ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?»

ወይ አምላኬ! አንድ ክፍል ሙሉ ደደብ አስተምራለች፤ አቤቱታ የሚያቀርብ ደደብ ግን ገጥሟት አያውቅም። ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ስድብ ዋጠችው። ለመዝገቡ ስትል ዋጠችው።

ተግባሩማ የባሰ ነበር። አሲዱ ላይ ቀለም የሚያሳየውን መድኃኒት ሁለት ጠብታ ጨመረችለት። «አሁን ውሃ መስሎ ይታያል። ቤዙን ጠብ፣ ጠብ ያድርጉ፤ ልትቀላ ስትል፣ የጥለት ማለቅለቂያ ውሃ ስትመስል፣ ወዲያው ያቁሙ። አንድ ጠብታ ካለፈ በቃ፣ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ» አለችው። ጓድ ስለሺ የቱቦውን ቧንቧ ከፍቶ ለቀቀው። ፈሳሹ ፈካ፣ ቀላ፣ ደመቀ።

«አለፈ! ያቁሙ ጓድ፣ አለፈ!»

«ድል ላይ ደርሶ ማቆም ምን የሚሉት ነው?» አለ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ። «ያቺ ፈዛዛሽ መሃል ሰፋሪ ናት። መሃል ሰፋሪን ምን እንደምናደርገው ታውቂያለሽ።»

ቤት ገብታ ለመዝገቡ ካኪ ለባሹን ከነድምፁ አስመሰለችለት። ልጁ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «እታለም፣ በሞቴ፣ መሃል ሰፋሪዋን ድገሚልኝ!» ደገመችለት። በየቅዳሜው የዋጠችውን ስድብ የምታራግፈው እንዲህ ነበር።

ፈተናው ሊደርስ ሲል የቀበሌው ነዋሪ እሁድ አዳራሽ ተጠራ። ጓድ ስለሺ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ትግሉ ሲያወራ ቆየና፣ የተማረው ነገር ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ አለው።

«ሳይንስም መስክሯል ጓዶች!» አለ። «ቤዝ ማለት መሠረት ነው። መሠረት ማለት ሰፊው ሕዝብ ነው። ቤዝ ሲፈስበት አሲድ ይደመሰሳል፣ ሁሉም ቀይ ይሆናል! ይኸው ጓዲት ዓለምፀሐይ አለች፣ ትመስክር። ልክ አይደለሁም?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ተነሳች። በሩ አጠገብ የቆመው መዝገቡ አፉን በመዳፉ አፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ልክ» ማለት ሁለት ፊደል ነው። ማለት ፈልጋ ነበር፣ በማርያም! አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረ።

«አይደሉም፣ ጓድ» አለች። «ሁለቱም ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ጨውና ውሃ ነው። ቀዩም የቤዙ አይደለም፤ እኔ ጠብ ያደረግኩት ቀለም ነው።»

ከበሩ በኩል አንድ ሳቅ ፈነዳ፣ ጣሪያውን ሊያነሳ የደረሰ። የመዝገቡ ሳቅ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ ወሰዱት። ኦራል የጦር መኪናው ላይ ሲያሳፍሩት ነጠላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ሮጣ ደረሰች። ዓይኑ ፈርቷል፤ አፉ ግን እንደ ልማዱ ነው። «አታልቅሺ እታለም። ለዚያ መልስሽ መቶ ከመቶ ሰጥቼሻለሁ!» ብሎ ጮኸላት። ስህተት የማያልፋት ብልህ፣ አንድ ጠብታ አልፏት ቆማ ቀረች። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ እያለች ተማሪ ስትገስጽ የኖረችበትን ምላሷን ነቅላ ብትጥለው ወደደች።

ቅዳሜ፣ ጓድ ስለሺ ቤተ ሙከራው በር ላይ ተገተረ። እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም።

«ፈተናው ሰኞ ነው። ካቆምንበት እንቀጥል» አለ።

«መዝገቡስ?» አለችው።

«እሱ ከእጄ ወጥቷል። አሁን የጦሩ ነው። እንኳን አንቺ እኔም ብለምን አይመለስም።»

አሲዱን ቀዳች፣ መድኃኒቱን ጠብ አደረገች፣ ቱቦውን ሞላችለት። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፣ ጠብ፣ ጠብ ያደርግ ጀመር። እውነትም ሳያጠና አልመጣም። ፈሳሹ የጥለት ማለቅለቂያ ውሃ መሰለ፤ ጓድ ስለሺ ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ ዘጋ። ከዚህ በላይ አሳምሮ የሚያቆም ተማሪ አልነበራትም።

«እዚህ ላይ ነው አይደል ያልሽኝ?» አላት።

ዓለምፀሐይ ብልቃጡን አየችው፤ እሱንም አየችው።

«የለም፣ ጓድ» አለች በትሕትና። «ሳስበው ከረምኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቺ መሃል ሰፋሪ ናት። ደም እስኪመስል ያፍሱት።»

ፊቱ በራ። ቧንቧውን ከፍቶ ለቀቀው፤ ፈሳሹ ቀላ፣ ደመቀ።

«ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለችው። አሁንማ ቃሉ አላነቃትም።