ወርቅአየሁ የጠበቀችው ምሥጢር

ክንዴን በስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አዲስ ቅዳም ውስጥ ትልቁም ትንሹም የሚጠራው «ካናዳ» እያለ ነው። ካናዳን ግን በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቃትም። ስኮላርሺፕ አገኘሁ ብሎ በግ አሳረደ፣ ሽማግሌ አስመረቀ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ገባ፤ ቪዛውን ሲከለክሉት እንደሄደ ተመለሰ። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ማለት ይኸው ነው። መርቆ የሸኘህ አፍ ስትመለስ ስም ያወጣልሃል።

የአጎቱ ልጅ ሕይወት ይህን ሁሉ አይታለች። ስለዚህ እሷም ውጭ አገር የመማር ዕድል መፈለግ ስትጀምር አፏን ለጎመች። እንጅባራ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ናት። የወላጆቿ አገር ገበሬ ጤፉን ትቶ ማሳውን ለከሰል በሚሆን ግራር ከሸፈነ ወዲህ፣ አፈሩ ነገ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እረፍት ይነሳታል፤ መማር የምትፈልገውም እሱኑ ነበር። አንዱ ድርጅት የእንግሊዝኛ ፈተና አምጪ ይላል፣ ሌላው ዕድሜሽ አልፏል ይላል፣ ሌላው ጭራሽ መልስም አይሰጥ። በመጨረሻ ጀርመን አገር ሙሉ ወጪ የሚችል አንድ አገኘች። የዚያም የዕድሜ ገደብ የሚፈቅድላት ለዘንድሮ ብቻ ነበር፤ ይኼ ካመለጣት ሌላ የላትም። «ከሌሎች ይልቅ ለምን አንቺን እንምረጥ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ አላባት፤ ራሷን ማሞገስ ነውር ነው ተብላ ያደገች ናትና። እንደምንም ጻፈች። ቃለ መጠይቁንም አለፈች። ውሳኔውን እናሳውቅሻለን አሏት።

ብቻዋን መሸከሙ ሲከብዳት ለእናቷ ለወርቅአየሁ ነገረቻት። ግን አስማለቻት።

«ማንም ቢጠይቅሽ፣ የንስሐ አባታችንም ቢሆኑ፣ ልጄ የትም አትሄድም በይ።»

«በጊዮርጊስ! ከአፌ አይወጣም» አለች ወርቅአየሁ።

ሕይወት የረሳችው አንድ ነገር ነበር። ከወራት በፊት ማመልከቻውን ስትሞላ፣ አንቺን ካጣንሽ ለማን እንደውል ለሚለው ጥያቄ የእናቷን ስልክ ሰጥታለች።

ከዚያ እንጅባራ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ሰነበተ። ሲመለስ የሕይወት ስልክ ሁለት መልእክት አከታትሎ አመጣ። የመጀመሪያው «እንኳን ደስ ያለዎት፣ መቀበልዎን ቶሎ ያረጋግጡልን» ይላል። ሁለተኛውን ከፈተች። «በስልክዎ ልናገኝዎ አልቻልንም። በተጠሪነት የሰጡን ሰው እንደማይሄዱ ስለነገሩን፣ ዕድሉን ለሌላ አመልካች ሰጥተናል።»

አዲስ አበባ ወዳለው የድርጅቱ ቢሮ ደወለች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። ያነሳችው ሴት ከልቧ አዘነችላት፤ ግን የተተካው ሰው ፈርሟል።

ሚኒባሱ ላይ ተሳፍራ ወደ አዲስ ቅዳም ስትሄድ ደሟ ይፈላ ነበር። ለእናቷ የምትናገረውን እያንዳንዱን ቃል መንገድ ላይ አዘጋጀች፤ አንዱም ለእናት የሚነገር አልነበረም።

ወርቅአየሁ ገና ከሩቅ ስታያት እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተቻት። ግራ ቀኟን ቃኘች። ያለወትሮዋ በአገውኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ ያውም በሹክሹክታ ጀመረች፤ የጎረቤቷ የእህተማርያም ጆሮ ሁለቱንም እንደሚሰማ ረስታዋለች።

«ደውለው ነበር!»

«ማን?» አለች ሕይወት፣ እያወቀች።

«እኔ እንጃላት። አንዲት ሴት ናት፣ አነጋገሯ ልስልስ ያለ የከተማ። ‹ልጅዎ ለትምህርት ጀርመን ሊሄዱ ነው፣ አይደል እማማ?› አትለኝም? ወሬ ለቃሚ መሆኗ ወዲያው ገባኝ። ‹የምን ጀርመን! ልጄ የትም አትሄድም› አልኋት። ደግማ ጠየቀችኝ። እኔ ልሞኝላት? ‹ሥራዋ ላይ ናት፣ ደግሞም ልታገባ ነው› ብዬ አፏን አስያዝኋት!»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሕይወት እናቷን እንዲህ ስትኮራ አይታት አታውቅም።

«እንኳን ለሷ ለአባትሽም አልተነፈስሁ። ነይማ፣ የማሳይሽ አለ።»

ከጎተራው ጀርባ፣ ከአሮጌ የከሰል ማዳበሪያዎች ሥር አንድ ከረጢት አወጣች። ሽሮ ነው። «ለሠርግ ነው ብዬ አስፈጨሁት። እህተማርያም እንኳ እልል ብላልኛለች። እዚያ አገር ምን ትበያለሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «መቼ ነው መሄጃሽ?»

ሕይወት መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ሁሉ ተወችው። እናቷ የማለችውን ነው የጠበቀችው፤ ያስማለቻትም ራሷ ናት። ጥፋቱን ብትነግራት ወርቅአየሁ እስከ መቃብሯ ድረስ ራሷን ይቅር እንደማትል አወቀች።

«ገና ነው እማ። አልጠሩኝም።»

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«መንገዱ አድክሞኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ ይጠሩሻል። በኔ በኩል ሐሳብ አይግባሽ፣ ከአፌ አይወጣም።»

«ከኔም አይወጣም» አለች ሕይወት፤ ከረጢቱንም ተቀብላ፣ ጎረቤት እንዳያየው ወደነበረበት መልሳ ሸፈነችው።