ሀብተሥላሴ የሠራው ማርሚታ

መካኒኩ ባሌ ሀብተሥላሴ የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። አመሉ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው አመሉ ነው።

በደርግ ጊዜ ጌጃ ሰፈር እየመጣች ወጣቶችን ለጦር ሜዳ የምታፍስ የጭነት መኪና ነበረች። የሞተሯን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታዋ ስለተቀደደ ጩኸቷ ገና ከአብነት ሰፈር ይሰማል። ያን ጊዜ እኛ ሴቶች ያሰጣነውን ልብስ ከገመድ እናነሳለን። ልጆቹ፣ የእኔም ልጅ አስመላሽ፣ ገመዱ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ይደበቃሉ።

አንድ ቀን ሹፌሩ መኪናዋን ሀብተሥላሴ ጋራዥ አመጣት። እሱም የተቀደደውን፣ በጥላሸት የጠቆረውን አሮጌ ማርሚታ አውጥቶ ጣለው፤ በምትኩ አዲስ ሠርቶ በየደላት።

«ምናለ እንደነበረች ብትተዋት?» አልኩት።

«የእኔ እጅ ለግብር ይውጣ አይሠራም!» ብሎ ተቆጣኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ልብስ ሳሰጣ ዞር ብል፣ መኪናዋ አጠገቤ ቆማለች። ሰፈሩ ጭጭ ብሏል፤ የጎረቤቱ ልብስ ሁሉ እንደተሰጣ ነው። ሞተሯ እንዳልጠፋ ያወቅሁት ከጭስ ማውጫዋ ኋላ ያለው አንሶላዬ ሲርገበገብ አይቼ ነው።

ከቤት ውስጥ የአስመላሽ ሳቅ ይሰማል።