ያልለሰለሰው ቀይ ወይን

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ጣፋጩን ነገር ሰው ሁሉ ያለ መምህር ይወደዋል፤ መራራውን ለመውደድ ግን ዕድሜና ልቡና፥ ትዕግሥትና ትሕትና ያስፈልጉታልና፥ ለምላስ የቀለለውን ሁሉ መልካም፥ ለምላስ የከበደውን ሁሉ ክፉ ብሎ የሚበይን ዳኛ፥ ወንበሩ ምንም ቢከብር፥ ፍርዱ የሕፃን ፍርድ ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ፥ ድንጋይ በበዛበት ዝናምም በነፈገው ኮረብታ ላይ፥ ኦዲል ካስታኔ የምትባል፥ በዕድሜ የበሰለች በአሳብም የጸናች፥ ባሏ የሞተባት ወይን ጠማቂ ነበረች። ጣፋጭነት የሌለው ቀይ ወይኗ እንደ አገሩ ሥርዓት ከሦስት ዓይነት ፍሬ የተዋሐደ ነበር፤ ግረናሽ የተባለው ሙቀትንና ሙላትን፥ ሲራ የተባለው ጥቁረትንና የቁንዶ በርበሬን መዓዛ፥ ካሪኛን የተባለው ደግሞ አፍን የሚያኮማትር ግርማና ምሬትን ይሰጡት ነበር። ካሪኛኑን ሟቹ ባሏ ሬሞን በተጋቡበት ዓመት በገዛ እጁ ተክሎት ነበርና፥ ኦዲል በግንዶቹ መካከል ስታልፍ እንደ ቤተ ሰብ ታነጋግራቸው ነበር።

የመንደሩ ቀማሾች ጉባኤ ቀምሶ ያላጸደቀውን ወይን በመንደሩ ስም መሸጥ ክልክል ነበረ። ቀማሾቹም ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ተሰብስበው፥ እህል ሳይነኩ፥ ወይኑን በአፋቸው አንከባልለው ይተፉታል እንጂ አይውጡትም። በዚያ ዓመት ታዲያ የጉባኤው አለቃ አርማን፥ የሬሞን ታናሽ ወንድም፥ የዘመኑ ጠጪ ለስላሳውን ይሻል ብሎ ባልንጀሮቹን አሳመነና፥ ካሪኛኑ ከውሕደቱ ይውጣ፥ ግንዱም ይነቀል፥ አለዚያ ኦዲል የመንደሩን ስም ትነፈግ ተብሎ ተፈረደ። ኦዲል ተናደደች፤ ብትናደድም እውነቷን ነው። በማግስቱ ጠዋት የተጠበሰ የበግ ሥጋና አንድ ጠርሙስ ይዛ፥ ሳትጠራ ጉባኤው መካከል ገብታ ቆመች።

«ይህ ወይን ለሚተፉት አልተሠራም። ከሥጋው ጋር ቅመሱት፥ ዋጡትም፤ ከዚያ ፍረዱ» አለቻቸው።

«ወይዘሮ ኦዲል፥ ሕጉ እህል አይፈቅድም። ካሪኛኑን ካላወጡ ስሙን እንነሣዎታለን» አላት አርማን፥ ዓይኗን ማየት ተስኖት።

«እንግዲያስ ስማችሁን ውሰዱ። እኔ ወንድምህ የተከለውን አልነቅልም።»

ይህን ብላ ከዳኞቹ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሥጋውን ቆርሳ ወይኑን ቀድታ፥ ሳትቸኩልና ሳትሳቀቅ፥ ጾመኛ ሆነው በሚያዩዋት ሰዎች መካከል ጠግባ በላች፥ ጠጣችም። አርማን የሥጋው ሽታ በወንድሙ ቤት ያደገበትን ዘመን ቢያስታውሰው ምራቁን ዋጠ፤ እጁን ግን አልዘረጋም። በዚያም ዓመት የኦዲል ወይን የመንደሩ ስም በሌለው ጠርሙስ፥ «ካሪኛን አለበት» የሚል ብቻ ተጽፎበት ወጣ። ከደንበኞቿ እኩሌታው ሸሹ፤ እርሷም አዝና፥ አልቅሳም፥ ግንዶቹን ልትገርዝ ወጣች፤ ስምን የሰጠ ሸንጎ ስምን መንሣት ይችላልና፥ ባሕርይን ግን ያልሰጠው ሊነሣው አይችልም።