ማስመሪያው ከየት ይጀምራል

ዜሮዋ የለችም።

እናትየው ይህን ያየችው ማስመሪያውን በጨርቅ ጠርጋ ወደ መሳቢያ ልትመልሰው ስትል ነው፤ ልጇ በሞተር ሳይክሉ ከወጣች በኋላ። ወደ መስኮቱ ተጠግታ ደግማ አየችው። ከዜሮ ቀጥሎ ያለው ሦስት ሚሊ ሙሉ የለም። ጫፉ ግን ልሙጥ ነው፤ ለሚያየው ጉድለት የለበትም። ያለሰለሰችውም ራሷ ናት። ልጅቷ ተማሪ ሳለች ጫፉ ተሰብሮ ጣቷን ሲቧጭራት፣ ለዚህ ብሎ ሌላ መግዛት ምን አመጣው ብላ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ሞርዳ ሰጥታት ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመር ተሰመረበት እንጂ ምንም አልተለካበትም። እስከ ዛሬ ከሰዓት።

ክው አለች።

ሞተር ሳይክሉ ከሟች ባሏ የቀረ ነው። ልጅቷ ከፋርማሲ መድኃኒት እየተቀበለች ለየቤቱ የምታደርሰው በእሱ ነው። ሰሞኑን ዳገት ላይ እየተንተፋተፈ አስቸገራት። ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን ቢያንስ ነው አለችና ፈትታ የልብስ መዘፍዘፊያው ላይ ገለበጠችው። ለእናቷም አስረዳቻት፦ ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መርፌዋን ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል። ቶሎ ከዘጋ ሞተሩ ይራባል፤ ዘግይቶ ከዘጋ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። ከካርቡራቶሩ አፍ ጠርዝ እስከ ተንሳፋፊው ጫፍ ሃያ አራት ሚሊ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ይዘገያል።

የልጅቷ ሁለት እጅ ስለተያዘ ቁጥር አንባቢዋ እናትየው ሆነች። መጀመሪያ ሃያ ሰባት አለች። ልጅቷ «አላልኩሽም?» ብላ መርፌዋን የምትገፋውን ቀጭን የብረት ምላስ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አደረገቻት። ሃያ አምስት። እንደገና ገፋ። ሃያ አራት። ተሳስቀውም ነበር፤ ልጅቷ ጥሩ ረዳት ወጥቶሻል፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ግቢ እያለች ቀለደችባት።

ሃያ አራት ያለችው እንግዲህ ሃያ አንድ ነበር። ቤንዚኑ ይፈሳል። የሚፈሰውም የጋለ ሞተር ላይ ነው።

ደወለች፤ አይነሳም። ልጅቷ እየነዳች ስልክ አታነሳም፤ ይህንንም ያስማለቻት ራሷ ናት።

ያገኘችውን ጫማ አጥልቃ ወጣች። በሩንም አልዘጋችውም። ሞተር ሳይክሉ ቆሞበት የነበረው ሲሚንቶ ላይ ገና ያልደረቀ እርጥብ ክብ አለ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቤንዚን። ከዚያ ወደ አስፋልቱ የሚሄድ ጠብታ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ጠብታ።

ጥጉ ላይ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ሲጋራውን አቀጣጥሎ ከጠብታው አጠገብ ቆሟል። ምንም ሳትለው ከጣቱ መካከል ቀምታ በጫማዋ ደፈጠጠችው።

«እትዬ፣ ሚስቴ ናት የላከችዎት?» አለ።

ልጇ በየት በኩል እንደሄደች ጠየቀችው። በቁልቁለቱ እንደወረደች፣ የሞተሩም ድምፅ ደህና እንዳልነበረ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ እንዳለፈ ነገራት። ጭስ ካለ ወዲያ ሌላውን አልሰማችውም።

ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። በልቧ ሁሉን አስቀድማ ጨርሳዋለች፤ ሄልሜቱን ለብቻው ወድቆ አይታዋለች፣ ሬሳ ለመለየት የምትገባበትን ክፍል እንኳ ግድግዳውን ቀለም ቀብታዋለች። አምላኬ፣ እግሯ ይሁን፣ እጇ ይሁን፣ ብቻ ነፍሷን አለች። ወዲያው በልጇ እግር መደራደሯ አንገበገባት። መታጠፊያው ጋ ሰው ተሰብስቧል።

ሰዎቹ የሚጠብቁት ታክሲ ነበር።

ልጅቷ ከእነሱ አለፍ ብላ፣ ሞተር ሳይክሉን ግንብ ጥግ አቁማ፣ ሄልሜቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ በቤንዚን ርሷል። ሽታው ሲያይልባት ሞተሩን አጥፍታ፣ ከታንኩ የሚወርደውንም ዘግታ ነበር። መድኃኒቱን ሌላ አድራሽ መጥቶ ወስዶታል።

እናትየው ልታቅፋት አልደፈረችም። ማስመሪያውን ሳታውቀው ይዛው ወጥታ ኖሮ እሱን ዘረጋችላት። ከሦስት ነው የሚጀምረው አለቻት። ልጅቷ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«እማ፣ አውቀሽ ነው?»

«ምኑን?»

«ሽጪው፣ ሽጪው ስትዪኝ አይደል የከረምሽው። ብቻ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«እንዳትነጂው ብዬ ልገድልሽ፣ ልጄ?»

ልጅቷ ተነስታ መሪውን ያዘች። ሽቅብ አብረው ገፉት። ጎሚስታው ከሩቅ ሲያያቸው ሲጋራውን አጥፍቶ መጣና ከኋላ አገዛቸው።

የቤቱ በር ትታው እንደሄደችው ወለል ብሏል። ጀንበር ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ ካርቡራቶሩን ደግመው ፈቱት። ልጅቷ የብረቷን ምላስ ወደ ኋላ መለሰቻት፤ እናትየው አነበበች። ሃያ አምስት። ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት ስትል ልጅቷ ካቻቢቴውን አስቀመጠች፤ ሦስቱ ሲቀነስ ሃያ አራት። መጀመሪያውኑ የነበረበት ነው፤ ሟቹ ያስተካከለው፣ ማንም ሊነካው የማይገባው። ዳገት ላይ ያስቸገረው የታንኩ መውጫ ላይ የተጠራቀመ ዝገት ሆኖ ተገኘ።

ልጅቷ ምስማር አንስታ ማስመሪያው ጫፍ ላይ «ሦስት ቀንሺ» ብላ ቧጨረችና ለእናቷ መለሰችላት። አምኜሻለሁ አላለችም፤ አላመንኩሽምም አላለችም።

ሞተር ሳይክሉን ወደ ውስጥ ገፍተው ኮሪደሩ ላይ አቆሙት። ልጅቷ ወደ መኝታዋ ስትገባ ነገ በጠዋት እንደምትወጣ፣ ማንም እንዳይቀሰቅሳት፣ ራሷ እንደምትነሳ ተናገረች። እናትየው ከሞተሩ ስር ወለሉን በእጇ ዳበሰች። ደረቅ ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዳበሰች። እዚያ ታች ልጇን በሕይወት ስታያት፣ ከእንግዲህስ መንዳቱን ትተወዋለች ብላ ለአንድ አፍታ ደስ ብሏት ነበር። ይህን ለልጅቷ አልነገረቻትም፤ ወደፊትም አትነግራትም።

ተነስታ በሩን ዘጋች። ቁልፉን ሁለቴ አዙራ፣ እጀታውን ሳብ አድርጋ አየችው።